ተማሪው የሚያለቅሰው በእናቱ ቋንቋ፣ አማካሪው የሚመረቀው በእንግሊዝኛ

ወዳጆቼ፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል። የቸኮለ ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት።

የማወራው ስለ ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ ሥልጠና ነው። በየዩኒቨርሲቲው አማካሪ ለመሆን ስለሚሰለጥኑትና ስለሚያሰለጥኗቸው። በዚህ ትምህርት ዙሪያ "ብዝኃነት" የሚል ቃል አይጠፋም። ብዝኃነትን የሚያከብር ባለሙያ፣ ብዝኃነትን የሚያስተናግድ አገልግሎት እየተባለ ይቀጥላል። ከቃሉ ጋር ጠብ የለኝም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ጭንቅ የያዘው ሰው መጥቶ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ይሄ ቃል የት ይታያል? ለኔ ብዝኃነትን ማክበር ማለት መጀመሪያ ሰውየው በሚያለቅስበት ቋንቋ ማዳመጥ መቻል ነው። በዚህ ሳይፈተን የሚመረቅ አማካሪ ስለ ብዝኃነት ተማረ እንጂ ለብዝኃነት አልሰለጠነም።

እኔ ማስተርስ የለኝም። በዲፕሎማ ሁለተኛ ደረጃ የማስተምር መምህር ነኝ። "አንተን ምን አገባህ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔን ያላገባ ማንን ያገባል? እነሱ ተመርቀው ሊረዱት የሚገባው ልጅ በየቀኑ የሚቀመጠው እኔ ክፍል ውስጥ ነው። መድኃኒቱን የሚቀምመው ፋርማሲስቱ ነው፤ አልዋጥ ያለው መድኃኒት የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ግን አስታማሚው ነው።

እስቲ መጀመሪያ የችግሩን ስፋት እንየው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ስለ ትምህርት ጥራት ያኔ ብዙ ተባለ፣ ተገቢም ነው። የተወሰኑት በሪሜዲያል ዕድል አገኙ፣ እሰየው። ግን ከመቶው ልጅ ዘጠና ምናምኑ በአንድ ቀን "አላለፍክም" ተብሎ ስልኩን ይዞ ሲቀር ምን ሆነ? አባቱ በሬ ሸጦ ያስተማረው፣ እናቱ ጉሊት ተቀምጣ ያሳደገችው ልጅ ያን ቀን ማታ እንዴት አደረ? ማን ጠየቀው?

"ትምህርት ቤት አማካሪ አለ አይደል እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። ጋይዳንስ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር አይቻለሁ። በሩ ጀርባ ያለው ብዙ ጊዜ የተሰበረ ዴስክና የድሮ መጽሐፍ ነው። አማካሪ የተባለው መምህር ካለም ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፣ ከዚያ ከዩኒት ሊደሩ ጋር ሆኖ ያረፈደ ሲያንበረክክ ይውላል። ልጁ ጠዋት በር ላይ ያንበረከከው ሰው ጋ ከሰዓት ሄዶ ገመናውን ይንገር? እናንተ ብትሆኑ ትነግሩታላችሁ?

እሺ፣ ነገ ይሄ ተስተካከለ እንበል። በየትምህርት ቤቱ በካውንስሊንግ ማስተርስ ያለው ሰው ተቀጠረ። ከዚያስ? ዋናው ክርክሬ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ከስሙ እንነሳ። ካውንስሊንግን "ምክር" ብለን ተረጎምነው። በኛ አገር ምክር ማለት ታላቅ ለታናሽ የሚሰጠው ነገር ነው። "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ነው ያደግንበት። በዚህ ትምህርት ውስጥ ስሙ የማይጠፋው ካርል ሮጀርስ ግን እ.አ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፉ የተከራከረው ለተቃራኒው ነው፦ አማካሪው መንገሩን ትቶ ያዳምጥ፣ ሰውየው ራሱ መንገዱን ያገኛል ብሎ። እንግዲህ አስቡት። የኛ ልጅ "ምክር" ተብሎ ተልኮ ይመጣል፣ "ምን ይሻለኛል? ምከሩኝ" ይላል። አማካሪው በተማረው መሠረት "አንተስ ምን ይሰማሃል?" ብሎ ይመልስለታል። ልጁ "ይሄ ሰውዬ ምንም አያውቅም ማለት ነው" ብሎ ይወጣል። በሁለተኛው ቀን አይመጣም። ሮጀርስ ተሳስቷል እያልኩ አይደለም። ዘዴው የተቀመረው ሌላ ዓይነት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ እኛ ወንበር ላይ እንዲሠራ የሚያደርገውን ነገር ሰልጣኙ የሚማረው የት ነው? ማንስ ያስተምረዋል?

ወደ ቋንቋው ልምጣ። አማርኛ ተናጋሪ ሰው ሲከፋው "ሆዴን ባር ባር አለኝ" ይላል። "ሆዴ ባባ"፣ "አንጀቴ አረረ"፣ "ልቤን አፈነኝ" ይላል። ዝም ሲል ደግሞ "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ነው። ይሄ ሁሉ ስለ ጨጓራ አይደለም። እያንዳንዱ የተለየ ሕመም ነው፣ አንዱ ሐዘን፣ አንዱ ቁጭት፣ አንዱ ፍርሃት፣ አንዱ መቻል ያለፈበት ዝምታ። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በሶማልኛ ደግሞ የየራሱ አለ። ተግባር ልምምድ የለም አላልኩም፣ አለ። ሰልጣኙ በአማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ያወራል፤ ሪፖርቱን ግን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ አስተማሪው በእንግሊዝኛ ያርመዋል፣ መመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይጠረዛል። በመሀል "ሆዴን ባር ባር አለኝ" የሚለው ወይ "ሳድነስ" ሆኖ ይቀራል ወይ የሆድ ሕመም ተብሎ ይመዘገባል። ሰልጣኙ የሰማውን ነገር በሰማበት ቋንቋ ማንም አርሞለት አያውቅም።

አክብሮቱስ? በእንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ "ዩ" ነው። እኛ ጋ የ26 ዓመት አማካሪ የ60 ዓመት እናት ፊት ሲቀመጥ "እርስዎ" ይላል ወይስ "አንቱ" ወይስ "እማማ"? በአንድ ቃል ሊቀርባትም ሊያርቃትም ይችላል። 10ኛ ክፍል ያለችን ልጅ "አንቺ" ሲላት እንደ ወንድም ትሰማዋለች ወይስ እንደ ተቆጪ? ይሄ ከሥልጠናው ግማሹን የሚያህል ነገር ነው። አንድም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሊጽፈው አይችልም፣ የኛ ጉዳይ ነውና።

ይህን ጥያቄ ደግሞ እኛ አልጀመርነውም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው እ.አ.አ. በ1973 በኮሎራዶ ግዛት በቬይል ከተማ ባደረጉት የሥነ ልቦና ሥልጠና ጉባኤ ላይ፣ ባህሉን ሳያውቁና ሳይሰለጥኑ ከተለየ ባህል የመጣን ሰው ማገልገል የሙያ ሥነ ምግባር ጥሰት ነው ብለዋል። እ.አ.አ. በ1992 ዴራልድ ዊንግ ሱ፣ ፓትሪሺያ አሬዶንዶና ሮደሪክ ማክዴቪስ አማካሪ ሊኖረው የሚገባውን ችሎታ በሦስት ከፈሉት፦ የራስን ግምትና አድልዎ ማወቅ፣ የተገልጋዩን ዓለም ማወቅ፣ ለዚያ ሰው የሚሆን ዘዴ መቻል። ሦስቱም ግሩም ነው። ችግሩ እኛ ሐሳቡን ትተን ምሳሌውን መሸምደዳችን ነው። የምናነበው መጽሐፍ አሜሪካዊ ከሆነ በውስጡ ያለው ብዝኃነትም የአሜሪካ ነው። ስለ አፍሪካ አሜሪካዊው፣ ስለ ሂስፓኒኩ፣ ከእስያ ስለ መጣው ስደተኛ ቤተሰብ ምዕራፍ አለው። ስለ ቦረና አርብቶ አደር ልጅ፣ ከቤንሻንጉል ተፈናቅሎ ስለ መጣ ተማሪ፣ ገጠር ወላጆቿን ትታ ከተማ ቤት ተከራይታ ስለምትማር ልጅ የት አለ? ከ80 በላይ ቋንቋ ባለበት አገር የብዝኃነት ምሳሌ ከውጭ ይመጣል እንዴ?

ቤት ተከራይታ የምትማረዋን ልጅ እንያት። ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረ ሁሉ ያውቃታል። አባቷ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ስንቅ ይዞላት ይመጣል፣ እሷና ሁለት ጓደኞቿ አንድ ክፍል ይጋራሉ። አንድ ሰኞ ክፍል ስትገባ ፊቷ ልክ አይደለም። ሽማግሌ ተልኮባታል። አማካሪው የከተማ ልጅ ከሆነና ከመጽሐፉ ሌላ የሚያውቀው ከሌለ "ስሜትሽን ለአባትሽ በግልጽ ንገሪው" ይላታል። በግልጽ ብትነግረው የሚቀረው ስንቁ ነው። ስንቁ ቀረ ማለት ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው። ማንን ትላክ? አጎቷን? ቄሱን? የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይን? ቤት ያከራየቻትን እናት? ይህን አብሯት ማሰብ የሚችል አማካሪ ነው ብዝኃነትን የተማረ። የሦስት ክሬዲት ኮርስ ላይ ኤ ማምጣት ይሄን አያሳይም።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልመልስ፣ ሁሌም የሚነሱ ናቸውና።

"ድሮ አማካሪ መች ነበረ? የንስሐ አባት አለ፣ ሼኩ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ጠበል አለ። ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል አለ። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ፣ ብዙ ደም አድርቀዋል። ግን የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ ነው። አንዲት ልጅን የደፈራት የአክስቷ ባል ቢሆን ሽማግሌው የሚያስበው ቤተሰቡ እንዳይበተን ነው። ስለ እሷ ብቻ የሚያስብ አንድ ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው የሰለጠነ አማካሪ ነው፤ ስለዚህ ሙያው ለኛ ትርፍ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል፣ ልጁን ጠበል የወሰደችን እናት "ኋላ ቀር" ብሎ የሚያይ አማካሪ እናትየውንም ልጁንም በአንድ ቀን ያጣቸዋል። ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራ እንድትይዝ ማነጋገር የሚችለው፣ እምነቷን ሳይንቅ ያደመጣት ብቻ ነው።

"ሳይንስ ሳይንስ ነው፣ ጭንቀት የትም ጭንቀት ነው" የሚሉት ደግሞ የተማሩት ናቸው። ለነሱ ከአውሮፓ ሳይሆን ከዚሁ ከአፍሪካ ምሳሌ ልስጣቸው። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.አ.አ. በ2006 ሐራሬ ምባሬ ሰፈር በ14 አያቶች ሥራ ጀመረ። ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ። በሾና ቋንቋ "ኩፉንጊሲሳ" ይሉታል ሕመሙን፣ ትርጉሙ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። "ሐሳብ በዝቶበት ነው" እንደምንለው እኛ ማለት ነው! እ.አ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት አያቶቹ ያነጋገሯቸው ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ እንደቀለላቸው አሳየ። ሳይንሱን አልጣሉትም፣ ችግርን ደረጃ በደረጃ መፍታት የሚባለውን ዘዴ ነው የተጠቀሙት፣ በጥናትም መዘኑት። ግን ሰዉ ራሱ ሕመሙን ከሚጠራበት ስም ጀመሩ። እኛስ ከየት ነው የምንጀምረው?

"ብዝኃነት ማለት ፖለቲካ ነው፤ ነገ ኦሮሞን ኦሮሞ፣ አማራን አማራ፣ ትግራዋይን ትግራዋይ ብቻ ያማክር ልትል ነው?" ይሄኛውን ጥያቄ በቁም ነገር ነው የምወስደው። መልሴ አይደለም ነው። በብሔር አጣምሮ ማስቀመጥ ሌላው ስንፍና ነው፤ አማካሪውን ከመሰልጠን ያሳርፈዋል እንጂ ተማሪውን አይጠቅምም። ደግሞ ብዝኃነት ብሔር ብቻ ነው ያለው ማነው? መስማት የተሳነው ተማሪ በታናሽ ወንድሙ አስተርጓሚነት ስለ ወንድሙ ቤት በደል ሊናገር ይችላል? በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይሰጣል። የካውንስሊንግ ሰልጣኝ አንድ ሴሚስተር ከዚያ ቢማር ምን ይጎድልበታል? የደሃና የሀብታም ልጅ፣ የገጠርና የከተማ፣ የሙስሊምና የክርስቲያን፣ ክፍል ውስጥ እጁን ባወጣ ቁጥር ቅላፄው የሚሳቅበት ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ብዝኃነት ነው።

ብሔሩን ግን ዘለን አናልፈውም። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ስንት ቤት እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህም ጥይቱ አላቆመም። ወንድሙ በአንድ ወገን የሞተበት አማካሪ፣ አባቷ በሌላኛው ወገን የሞተባት ተማሪ ፊት ቢቀመጥስ? "የራስን ግምትና አድልዎ ማወቅ" የሚለው የወረቀት ነጥብ ሥጋ የሚለብሰው ያን ጊዜ ነው። ሰልጣኙ ከመመረቁ በፊት ይህን የሚያወራበት ክፍል አግኝቷል? በአስተማሪ ፊት፣ በጓደኞቹ ፊት፣ "እኔ እገሌን የሚባለውን ወገን ስሰማ ልቤ ይጠነክራል" ብሎ መናገር የሚችልበት? ካላገኘ ያን ጥንካሬ ይዞት ነው ልጅቷ ፊት የሚቀመጠው። እሷ ደግሞ ታውቃለች። ልጆች ፊት ያነባሉ።

ስለዚህ ምን ይደረግ ነው የምለው? ተችቶ መሄድ ቀላል ስለሆነ ሐሳቤን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ሰልጣኙ ከመመረቁ በፊት በአንድ የአገሩ ቋንቋ ሲያማክር በዚያው ቋንቋ ይታይ፣ ይታረም፣ ውጤት ይሰጠው። ንባቡ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ እንግሊዝኛ አይጠላም፣ የዓለም እውቀት ያለው እዚያ ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን የሚመዘነው በሰውየው ቋንቋ ይሁን። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጁ ሂሳብ እንኳ በአፍ መፍቻው እንዲማር ፈቅዷል። ሂሳብ የተፈቀደለት ልጅ ለቅሶ ይከለከላል?

ሁለተኛ፣ መግቢያው ይታሰብበት። አሁን ማስተርስ ለመግባት አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ። ይኑር። ግን የማዳመጥ ችሎታ በምርጫ ጥያቄ አይለካም። ቃለ መጠይቅ ይኑረው፣ ቀበሌ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት የሠራ ሰው ልምዱ ይቆጠርለት፣ ከየክልሉ በተለይ ከዳር አካባቢ የመጣ ቦታ ያግኝ። ሁሉም ሰልጣኝ ከሁለት ሦስት ከተማ ከመጣ ብዝኃነቱ መጽሐፍ ላይ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ የራሳችን የጉዳይ ስብስብ ይጻፍ። ስሙና ምልክቱ የተቀየረ፣ ምስጢሩ የተጠበቀ፣ ሰዉ በተናገረበት ቋንቋ የተቀመጠ። የማስተርስ ተማሪዎች በየዓመቱ መመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እሱን ጽሑፍ ለዚህ ቢያውሉት በአምስት ዓመት ውስጥ የራሳችን መማሪያ ይኖረን ነበር።

አራተኛ፣ ልምምዱ ሆስፒታልና ትልቅ ከተማ ብቻ አይሁን። የወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሴሚስተር ይቀመጡ። የመብራት መቆራረጡን፣ የስንቁን ቅዳሜ፣ አንዱ የነገረውን ሌላው በማግሥቱ የሚሰማበትን ትንሽ ከተማ ይዩት። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ቦታ ምስጢር መጠበቅ እንዴት እንደሚቻል እዚያ ካልኖሩ አይማሩትም።

አምስተኛው ለትምህርት ቢሮዎች ነው። አማካሪን ከቅጣት ሥራ አውጡት። አለንጋና ጆሮ በአንድ ሰው እጅ አይያዙም።

"በጀት የለም" የምትሉኝን እሰማለሁ። ከዘረዘርኩት ውስጥ ግማሹ ብር አይጠይቅም። ሪፖርቱን በሌላ ቋንቋ ማረም ስንት ብር ነው? በቃለ መጠይቅ ሰው መምረጥ ስንት ብር ነው? የሚጠይቀው አስተማሪው ራሱ እንደገና ሰልጣኝ እንዲሆን ነው። ከባዱ እሱ ነው፣ ይገባኛል።

አባቶች "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን የሚናገረውን የሚሰማው ያጣ ሰው ደበቀ አይባልም። ልጆቻችን እየተናገሩ ነው፣ በሆዳቸው፣ በዝምታቸው፣ በቅላፄያቸው፣ ክፍል በመቅረታቸው። የሚሰማቸው ሰው አሰልጥኑልን ነው የምለው።

ሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት የሚያስተምር፣ ማስተርሱን እየተማረ ያለ፣ ወይም ትምህርት ቢሮ የሚሠራ የምታውቁት ሰው ካለ ይህን አድርሱልኝ። ልሳደብ አልጻፍኩም። "እኛ ጋ ይሄ እየተሠራ ነው" የሚል ካለ ይንገረኝ፣ የት እንደሆነ ይጻፍልኝ፣ እኔም ለተማሪዎቼ ወላጆች እነግራቸዋለሁ።

ሰላም እደሩ።